የዘጋቢዋ ፀበል

ነሐሴ 3 ቀን 1991፣ ላሊበላ። ንጋት በሆቴሉ አልጋ ላይ ሞታ ስትገኝ፣ ራስጌዋ ካለው የፀበል ጠርሙስ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ። ወይ ጉድ! ሰው የሚያውቃት በፊልም ተዋናይነቷ ነው፤ ባድመ ሲነድ ግን ፊልሙን ትታ ለጦር ዘጋቢነት ዘመተች። ወደዚህ የመጣችው የወታደሩን የአረጋን አሟሟት ለእናቱ ልትነግር ነበር፤ ሳትነግር ቀረች።

ፀበሉን ያመጣላት የአረጋ ታናሽ፣ አስጎብኚው ደጀን፣ በካቴና ታስሯል። ወደ ወልድያ የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሟል። የሆቴሉ ወጥ ሠሪ እታገኘሁ፣ የሁለቱ እናት፣ ከማድ ቤቱ በር ሆና መኪናውን ታያለች። አንዱን ጦርነት በላባት፤ አሁን ሁለተኛውም ሊሄድ ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ! በቤቱ ሁሉም እርስ በርሱ ስለተፈራራ ከእንስራው ውሃ የሚቀዳ እንኳ ጠፋ።

«አቶ የሻው፣ ዛሬ ምን ቀመሰች?» አለች ኢንስፔክተር ሰብሌ። ባለሆቴሉ የሻው ከአረጋ ጋር ዘምቶ እግሩን ቆስሎ የተመለሰ፣ ከተማው «ጀግናዬ» የሚለው ሰው ነው።

«ኧረ በፍልሰታ! ከፀበሉ በቀር ምንም ባፏ አልዞረም።»

ሰብሌ ከንጋት ትራስ ስር እሽጉ ላይ ቀን የተጻፈበት የወባ ኪኒን አገኘች፤ የዛሬው ተውጧል። ሻንጣዋ ተበርብሯል፤ ፍራሿ ደግሞ አዲስ ስፌት አለው። በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

«እማማ፣ ይህ በባዶ ሆድ አይዋጥም። ማን አበላት?»

«ጾም ገደፈች እንዳይሏት ምዬላታለሁ፣ ልጄ።»

«ደጀን ይሄዳል እኮ!»

«ወይኔ! በየጠዋቱ አጥሚት አፈላላታለሁ፤ ዛሬም አፍልቻለሁ። የሚወስዱላት አቶ የሻው ናቸው። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።»

ሰብሌ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«እህል የቀመሰ ፀበል አይጠጣም፤ ይህን በላስታ ሕፃን ያውቃል። ንጋት አጥሚት ጠጥታለች፤ ስለዚህ ፀበሉን አልነካችውም። የገደላት አጥሚቱ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ መርዝ የተጨመረው ኋላ ነው፣ ደጀን ላይ እንዲላከክ። አቶ የሻው፣ በጾም ማንም ስለ ቁርስ አይጠይቅም ብለው ዋሹኝ።»

«ያፈላችውስ? ለምን እሷ አትሆንም?» ብሎ ጮኸ። 

«የልጇን ነገር ልትሰማ የጓጓች እናት ነጋሪዋን አትገድልም። እንዳይነገር የፈሩት እርስዎ ነዎት። ሻንጣዋን በርብረው ያጡት ካሴት ፍራሿ ውስጥ ተሰፍቶ ነበር።»

ካሴቱን ከፈተችው። የአረጋ ድምፅ እያቃሰተ ወጣ፦ «የሻው የገዛ እግሩን ሲመታ አየሁት። ስላየሁት ተኮሰብኝ። ይኸው ስሰቃይ ሦስት ቀኔ... ንጋት፣ ለእናቴ ግን ወዲያው ነው የሞተው በያት።»

የሻው ወደ በሩ ሲሮጥ ፖሊሶቹ ያዙት። ከደጀን የተፈታው ካቴና እሱ እጅ ላይ ገባ።

እታገኘሁ ደጀንን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ወደ ሰብሌ ዞረች።

«ድገሚልኝ ልጄ» አለች። «ድምፁን ብቻ።»