ጨው የገባበት የብር ብናኝ

ሽማግሌው ተመራማሪ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አገጩ ደረቱ ላይ አርፏል፤ መነጽሩ እንኳ አልወደቀም። የመለኪያ ክፍሏ መስኮት የላትም፤ ድምፅና ንዝረት እንዳይገባ በሯ በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል። ግድግዳውን በስቶ የገባው ቀጭን የጎማ ቱቦ ኮሪደሩ ላይ ከቆመው የናይትሮጅን ሲሊንደር የመጣ ነው። ናይትሮጅን ሽታ የለውም፤ አየሩን ገፍቶ ያስወጣና ሰውን እንደ እንቅልፍ ይወስዳል። ሲያፏጭ ይሰማዋል እንዳይባል፣ የሟቹ ጆሮ ከከዳው ቆይቷል።

«ጋዙን ዘግቼው ነበር» አለች ሴት ልጁ። አብራው ትሠራ ነበር፤ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። «ዘግቼው የወጣሁ ይመስለኛል። ወይስ ረሳሁት? አባቴን የገደልኩት እኔ እሆን?»

መርማሪው ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ባልደረቦቹ «ወስፌ» ይሉታል፤ ሳይጮህ ስለሚወጋ። የሲሊንደሩን ቫልቭ ጎንበስ ብሎ አየ፤ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

«ለሥራ ስትፈልጊው ምን ያህል ትከፍቺዋለሽ?»

«ትንሽ። ብልቃጡ ውስጥ አረፋ እስኪታይ ብቻ።»

በዚያ ከሰዓት ከሟቹና ከበር ጥበቃው ሌላ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት እሷ፣ አጎቷና የመሣሪያ ጠጋኙ ናቸው። ጠጋኙ ሲጠየቅ ሳቅ ቃጣው።

«እኔ በሩ ላይ ከጥበቃው ጋር ዳማ ስጫወት ነበር። እንዴት እንደዘረረኝ እሱ ይንገርህ፤ ለመንደሩ ሁሉ ሲያወራ ነው የዋለው።»

ጥበቃው ይህንኑ በደስታ አረጋገጠ።

አጎትየው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከታላቁ ኋላ ኖሯል፤ ወንድሙ መድረክ ላይ ሲሸለም ካፖርቱን ይዞ የሚጠብቅ እሱ ነበር። ታናሽ ሆኖ ያላየው ሰው የዚያን ካፖርት ክብደት አያውቀውም።

«ልጅቷ ስትወጣ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ማዶ ክፍል፣ ማሽኔ ላይ። የብሩን ብናኝ ከጨው ውሃ ጋር በእጄ ቀላቅዬ ወዲያው መለካት ጀመርኩ። እሪ ብላ እስክትጮህ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ማሽኑ የሳለው መስመር ያውልህ፤ ሰዓቱም አለበት።»

ከቀብሩ በኋላ መርማሪው ሁሉንም ማዶ ክፍል ሰበሰባቸው። ስክሪኑን ወደ ልጅቷ አዞረ።

«ይህን መስመር ለማያውቅ ሰው አድርገሽ አንብቢልኝ።»

ዓይኗን ጠራርጋ ተጠጋች። «የብር ማዕድን ብናኝ ነው፤ በዓይን የማይታይ። ውሃው ውስጥ ሲንሳፈፍ ከዚህች ሽቦ ጋር ይጋጭና ኮረንቲ ይሰጣል፤ መስመሩ ላይ ሹል ይወጣል። ትንሽ ብናኝ ትንሽ ሹል፣ ትልቅ ብናኝ ትልቅ ሹል።»

«ጨዉስ?»

«ያለ ጨው ኮረንቲ በደንብ አያልፍም። ግን ጨው ከገባ ብናኙ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይጓጉላል። ለዚህ ነው ቀላቅለን ቶሎ የምን...» ድምፅዋ ተቆረጠ።

«ምን አየሽ?»

«ሹሎቹ ገና ከመነሻው ትልልቅ ናቸው። ደግሞ አልፎ አልፎ ነው የሚመጡት። ይሄ ተቀላቅሎ ብዙ የቆየ ነው።»

«ብሩ ድሮም የተበላሸ ይሆናላ!» አለ አጎትየው።

«ከዚያው ጠርሙስ አሁን ለኪልን» አለ መርማሪው።

ከጠርሙሱ ቀድታ ከጨው ውሃ ጋር ቀላቀለች። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሹሎች እንደ ሣር ጥቅጥቅ ብለው በቀሉ። ቆይተው ሹሎቹ እየሳሱ፣ እየረዘሙ ሄዱ።

«ብሩ ደህና ነበር» አለ መርማሪው፣ ወደ አጎትየው ዞሮ። «ማሽኑ በተባለው ሰዓት ራሱ እንዲጀምር ይታዘዛል፤ ጨው ግን ራሱ አይጨምርም። እርስዎ ቀድመው ቀላቀሉ፣ ማሽኑን አዘው ወጡ፤ ብናኙ እርስዎ በሌሉበት ጓጎለ። ቫልቩም እስከ መጨረሻው ነው የተከፈተው፤ ለአረፋ ከፍቶ የረሳ ሰው እንዲህ አይከፍትም። የረሳችው ልጅቷ ብትሆን ኖሮ፣ እርስዎን ከወንበሬ አልተነሳሁም ብለው ምን ያስዋሽዎት ነበር?»

አጎትየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ይህን አለካክ ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። «እሱ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ወንድሜ እጄ ነው› አለኝ። እጅ! እግዜር ጭንቅላት አልፈጠረልኝም? ከፍቼ፣ ቫልቩን እንደያዝኩ ቆምኩ። አሁን እዘጋዋለሁ፣ አሁን እዘጋዋለሁ እያልኩ...»

«መስመሩ እንደሚያጋልጥዎት አላሰቡም?»

«ማንበብ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። እሷን... ልጅ ናት ብዬ ናቅኋት።»

ልጅቷ ፊቱ ቆመች። «አጎቴ፣ ለቅሶው ላይ አጠገቤ ነበርክ። ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› እያልኩ ደረቴን ስደቃ እጄን የያዝከው አንተ ነህ።»

በር ላይ ሲጠብቁ የነበሩ ፖሊሶች ገብተው፣ ደግፈው አስነስተው ወሰዱት።

«ነይ ቤትሽ ላድርስሽ» አላት መርማሪው። «ጥፋት እንደሌለብሽ ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ።»

«አይሆንም» አለች። «እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ እህል የምትቀምሰው አጎቴ ሲለምናት ብቻ ነው። እኔን ረስታ ነው ብላ ይቅር ብላኛለች። ይሄንን ግን በምን ጉልበቷ ትችለዋለች?» ጠርሙሱን ከድና ወደ ቦታው መለሰች።

«ዛሬን ብቻ፣ እኔው ገድዬው ልደር።»