ቀዩ የልብ ቁልፍ

ደወሉ ሲጮህ የልጅቷ እናት የያዘችውን ሳህን ከነሳሙናው ገንዳው ውስጥ ለቀቀችው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቀይ በርታለች። ቀይ ማለት ልብ ነው፤ ልብ ማለት ደግሞ «ደረቴን አመመኝ፣ ድረሱልኝ» ማለት ነው። እናት ባንድ እግሯ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ስትሮጥ ልጅቷም ከኋላዋ በረረች።

እትዬ ትራስ ተደግፈው፣ ምንም ሳይሆኑ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ምነው፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?» አሉ።

«የልቡን ምስል ነክተው ነው እኮ እትዬ» አለች እናት እያለከለከች።

«አዎ፣ ልቤን አቃጠለኝ። የጠዋቱ ቲማቲም ሳይሆን አይቀርም» ብለው ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ አሹት።

እትዬ የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ዘንድሮ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና እነሱ ቤት አልጋ ላይ ዋሉ። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እግሯ ወንበር ሥር እንኳ አርፎ ስለማያውቅ ቤተ ሰቡ «ቁንጥንጥ» ይላታል። ከትምህርት ቤቱ የቴክኖሎጂ ክበብ ጓደኛዋ ከ«ጮሌው» ጋር ሆና መዳፍ የምታህል የንክኪ ስክሪን ሠርታ እትዬ ትራስ አጠገብ አስቀምጣለች። ስክሪኗ ላይ አራት የምስል ቁልፎች አሉ፤ ብርጭቆ፣ አምፖል፣ የመጸዳጃ ወንበርና ልብ። አንዱን ሲነኩት ጠቆር ይላል፣ ጣት ሲነሳ ይመለሳል፣ ወጥ ቤት ያለችው መብራትም በቁልፉ ቀለም ትበራለች።

ቃላት ያልጻፉበት ምክንያት ነበራቸው። የቺፑ ሜሞሪ ጠባብ ስለሆነ የአማርኛውን ፊደል ሁሉ አይችልም፤ እትዬም ፊደል አልቆጠሩም። ልቡ ግን ከፕሮግራሙ ጋር ተዘጋጅቶ የመጣ ምስል ነበር። ልጆቹ ዝርዝሩ ውስጥ አይተው ዐይናቸውን ሳያሹ ነው የመረጡት።

እኩለ ቀን ላይ ቀዩ እንደገና በራ። እናትና ልጅ ሮጡ። «ልቤን አጥወለወለኝ» አሉ እትዬ። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ በራ። «ቤቱ ጭር ሲልብኝ ልቤ ፈራ» አሉ፣ ትንሽ አፈር ብለው።

እናት ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ ጠዋት የለቀቀችውን ሳህን ስባሪ ከገንዳው እየለቀመች «ከእንግዲህስ ለዚያ ልብ አልሮጥም» አለች። ቀለል አድርጋ ነው ያለችው። ልጅቷን ግን ነገሩ እንደ እሾህ ወጋት። ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ ውሃ ቀድታ ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ጮሌው የሥራቸውን ሪፖርት ጠቅልሎ መጣ።

«ፈርሚና ልሩጥ። የክበቡ መምህር እስከ አሥር ሰዓት ካልደረሰ አልቀበልም ብለዋል።»

የሰኞው የትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ዳኛ የሰፈሩ ክሊኒክ ዋና ነርስ ናቸው። ያሸነፈው ሥራ በክሊኒኩ አሥራ ሁለት አልጋዎች አጠገብ እንደሚገጠም ቃል ገብተዋል። ልጅቷ ወረቀቱን ዘርግታ አነበበች፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ሃያ ሰዎች ሞክረውታል፤ አንድም ሰው አልተሳሳተም» ይላል።

«ሃያዎቹ እነማን ናቸው?»

«የሰፈር ልጆች፣ የአጎቴ ልጆች…»

«መቼ ሞከሩት?»

«ብንጠራቸው ይመጡ አልነበር? ያው በይው።»

«እትዬ ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ልቡን ነክተው አንዴም ደረታቸውን አላመማቸውም።»

«አቦ አታካብጂ። እትዬ ሌላ ናቸው። ልብን የማያውቅ ሰው የት አለ?»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ደወሉ ጮኸ። ቀይ።

ልጅቷ በተከፈተው የወጥ ቤት በር ወደ እናቷ ዞረች። እናት ድስቱን መፈተጉን አልተወችም። «ቲማቲሙ ነው» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ልጅቷ እትዬ የተኙበት ጓዳ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። እትዬ አንገታቸውን ወደ በሩ አስግገዋል።

«ማነው የመጣው? ልቤ ተንጠለጠለ እኮ።»

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠብቃ ስክሪኗን አነሳች።

«እትዬ፣ ደረትዎን ቢያምዎት የትኛውን ይነካሉ?»

እትዬ ምስሎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ደረት የታለና?»

«ልቡስ?»

«ልብማ ልብ ነው። ይቃጠላል፣ ይፈራል፣ ይንጠለጠላል። ደረት ሌላ። አንቺ ቁንጥንጥ፣ እስቲ ያቺን ቆርቆሮ አቀብይኝ።» ከቆርቆሮዋ የልብስ ሰፊ ጠመኔ አወጡና ብርድ ልብሱ ላይ አንገት፣ ትከሻና ብብት ሳሉ፤ እጃቸው አንዴም አልተመለሰም። ከዚያ ደረቱ ላይ የተጫነች መዳፍ ጨመሩ። «ስንቱን ደረት ስለካ የኖርኩ ሴት፣ ይኼንን ብታሳዩኝ እስት ነበር?»

ልጅቷ ስዕሉን በስልኳ አነሳችው። ወደ ሳሎን ስትመለስ ጮሌው ሰዓቱን እያየ በሩ ጋ ቆሟል።

«ምስሉ መቀየር አለበት» አለችና አሳየችው።

«ይሄን በነጥብ በነጥብ አሳንሶ ሜሞሪው ውስጥ ማስገባት ሁለት ቀን ይፈጃል። አሥር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። በቃ አሁን እናስገባ፣ ካሸነፍን በኋላ እንቀይረዋለን።»

«ሪፖርቱ እንዲህ እያለ ማን ቀይሩ ይለናል?»

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች። ሃያዎቹን ሰዎች ባንድ መስመር ሰረዘቻቸው፤ ከበላያቸው እንዲህ ጻፈች፦ «አንድ ሰው ሞክረውታል። ልቡን አራት ጊዜ ነክተው አራቱንም ጊዜ ሌላ ነገር ነበር የፈለጉት። ምስሉን በሌላ እንተካዋለን፤ ሥራው ገና አልደረሰም።» ፈረመችና እስክሪብቶውን መለሰችለት።

«አበቃልን» አለ ጮሌው። እስክሪብቶውን እያገላበጠ አየው። «እሺ፣ እኔ ምን ልበል መምህሩን?»

«የጻፍኩትን ስጣቸው። ከፈለግህ ስምህን ከኔ በላይ ጻፈው፣ ካልፈለግህም ተወው።»

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ደግፎ ቆመ። ይጽፍ አይጽፍ ሳይለይ፣ ደወሉ እንደገና ጮኸ። ቀይ መብራቷ በራች።

«ቲማቲሙ ነው» አለ ጮሌው።

«ይሆናል» አለችና ሮጠች።