የቺካጎ ላም በአዋሽ

መምህር አምባዬ ከከድሩ ሆቴል ጓሮ፣ ከተቃጠለው በረት ወጣ። ወጣ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ተለቅሞ ነው። ፊቱ አይለይም። የራስ ቅሉ ከኋላው ተፈልጧል፤ አጠገቡ አንድ የብረት ዲጅኖ አመዱ ውስጥ ወድቋል። የፖሊሱ መቶ አለቃ ሣህሌ ዲጅኖውን አንስቶ አገላበጠው። እሳት ያቃጥላል እንጂ ሰው አይፈልጥም።

የሆቴሉ ሠራተኛ አለሚቱ እጇን ታስራ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። የአብዮት ጥበቃዎች ቀትር ላይ ሊወስዷት ነው። በዚያ የቀይ ሽብር ዓመት ደግሞ ተወስዶ የተመለሰ የለም።

«ማን ከሰሳት?» አለ ሣህሌ።

«እኔ» አለ ቢሰጥ፤ አዲስ አበባ ያደገ የጥጥ መጋዘን ኃላፊ ነው፣ ሆቴሉ ውስጥ ይኖራል። «ትናንት መሸት ሲል ስታልብ አይቻታለሁ። ጥጃዋን ጅብ ከበላባት ወዲህ ላሟ አብዳለች፤ ፋኖሱን ረገጠችው። እሳቱን ሊያጠፋ የገባው መምህር ላይ ጣሪያው ወደቀበት። ያበደች ላም እግር ሥር ፋኖስ ማኖሯ አሻጥር ነው፣ ጓድ።»

ሣህሌ ባለሆቴሉን ከድሩን ወደ ጎን ሳበው።

«ቢሰጥና መምህሩ እንዴት ነበሩ?»

«ወላሂ፣ ከትናንት ወዲያ እራት ላይ ተጣልተዋል። መምህሩ የአሜሪካ ከተሞችን ታሪክ ሲያወራን፣ ቺካጎን ያነደደቻት ፋኖስ የረገጠች ላም ናት አለን። ቢሰጥ ‹የኢምፔሪያሊስት ተረት!› ብሎ ጮኸበት። መምህሩም ‹ተማሪዎቼን በሐሰት ጠቁመህ አስገድለሃል፤ አዲስ አበባ ሄጄ እናገርብሃለሁ› አለው። ቢሰጥ ጥሎን ወጣ።»

ሣህሌ ሁሉንም ከእሳቱ ባመለጠችው ላም ፊት ሰበሰበ።

«እጇን ፍቱላት። አለሚቱ፣ እለቢያት።»

«ምን ነካዎት፣ መቶ አለቃ? ጥጃ የሌላት ላም ትታለባለች?»

«እለቢ።»

ጡቷን ሳበች፣ ደግማ ሳበች። ጠብ የሚል ነገር የለም። ጥበቃዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸውና እርስ በርስ ተያዩ።

«የእኛ ላም ጥጃዋ ካልጠባላት ወተቷን አትለቅም» አለ ሣህሌ ወደ ቢሰጥ ዞሮ። «ወተት በብርጭቆ ብቻ የምታውቅ አንተ ግን ከየት ታውቃለህ? ጥጃው መበላቱን ራስህ ነገርከኝ። እንግዲያው ያለበ የለም። አመዱ ውስጥም የፋኖስ ስባሪ አላገኘሁም። አምባዬን በዲጅኖ ፈልጠህ በረቱን ለኮስክ። ውሸቱንም የወሰድከው ከሟቹ አፍ ነው።»

ቢሰጥ ፈገግ አለ። «እኔን ከነካህ ነገ ተረኛው አንተ ነህ።»

«የነገውን ነገ እናያለን።»

አለሚቱ ከላሟ ሥር አልተነሳችም። «አቶ ቢሰጥ፣ እርስዎ ከወጡ በኋላ እኮ ጋሼ አምባዬ ወሬውን ጨረሱልን» አለች። «የቺካጎዋ ላም ምንም አላደረገችም። ጋዜጠኛ ነው የፈጠረው። ባለቤቷ ድሃ ስደተኛ ስለነበረች ሰው ሁሉ አመነ።» የቀረውን ሳትናገር ልቅሶ ቀደማት።

አንደኛው ጥበቃ ገመዱን ከመሬት አንስቶ የቢሰጥን ክንድ ወደ ኋላ ጠመዘዘ። አጥንት ሲንቋቋ ተሰማ። ሣህሌ ተው አላለውም።