የቀዮ ቀኝ ጎን

«እንደገና!» አለ አባቷ።

ፌንጣ ጥርሷን ነከሰች። በሩን ስታሽ ቆይታ ክንዷ ዝሏል፣ ትከሻዋም የእሷ አልመስል ብሏታል። አባቷ ግን መዳፉን ቀዩ ቀለም ላይ አሳርፎ፣ በሽተኛ እንደሚመረምር ሐኪም ጸጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ያንሸራትታል። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆም አለና በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«እዚህ ጋ ይሻክራል። አይሰማሽም?»

«ምንም የለም እኮ አባዬ! ቁልጭ ብሏል። ፊቴን እያየሁበት ነው።»

«ዐይንሽን ተይውና እጅሽን አምጪ።»

እጇን ሰጠችው። የእውነትም ይሻክር ነበር። ከሁሉ በላይ አንጀቷን ያሳረራትም ይኸው ነው፤ ሰውዬው ሁልጊዜ ልክ መሆኑ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። የትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ ዛሬ ነው። «ፌንጣ» የሚለው ስም የወጣላት መረቡ ላይ በምትዘልለው ዝላይ ነው፤ በዚህ ሰዓት ማልያዋን ለብሳ ሜዳ ላይ መሆን ነበረባት። እሷ ግን የአባቷን አሮጌ ሸሚዝ እስከ ጉልበቷ አንጠልጥላ፣ ግቢ ውስጥ የጭነት መኪና ታሻለች።

ጣጣው የመጣው ጠዋት ነው። መኪናዋን ሲያጥቡ የአባቷ መዳፍ በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ አንድ ረጅም ጭረት አገኘ። ገና ጭቃው አልለቀቀም ነበር፤ በእጁ ነው ያገኘው።

«ብስክሌትሽን አስደግፈሽባት ነው» አለ ወዲያው።

«አላስደገፍኩም!»

«ከፍታው የብስክሌት እጀታ ነው። ሌላ ማን ሊሆን ነው? እኔ?»

ማለች፣ ተገዘተች፤ የሚሰማት አላገኘችም። ፍርዱም እዚያው ተሰጠ። ጨዋታ የለም። መጀመሪያ ጋቢናውን ሙሉ ታሻለች፣ በመጨረሻም ጭረቱን በገዛ እጇ ታጠፋለች።

መኪናዋ «ቀዮ» ትባላለች። ከፌንጣ በዕድሜ ትበልጣለች፤ አንዳንዴ ከፌንጣ በላይ የምትወደድም ይመስላል። ሰኞ አንድ ትልቅ የማመላለሻ ድርጅት መኪኖች መርጦ ለተራራው መንገድ ሥራ ይቀጥራል። አባቷ ደግሞ «መኪና የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሟን ነው፤ ስለ ሞተሯ የሚጠይቀው ከወደዳት በኋላ ነው» ባይ ነው።

የአስተሻሸቱ ሕግም የትየለሌ ነው። ፀሐይ ላይ አይታሽም፤ ፖሊሹ ይደርቃል። ሰፊ ቦታ አይያዝም፤ ሳህን የምታክል ቦታ ይበቃል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ እጅ ይቀላል፤ አለዚያ ቀለሙ ተልጦ ቆርቆሮው ይወጣል። ጨርቁ ደግሞ መቅላት አለበት። የቀዮ ቀለም አሮጌ ነው፣ ሲታሽ የሞተው ቆዳው ጨርቁ ላይ ይወጣል። «ጨርቅሽ ካልቀላ እያሸሽ ሳይሆን እያባበልሻት ነው» ይላል አባቷ።

አሁን ጨርቋ ደም መስሏል። ግን ማን ያመስግናት!

አባቷ የፖሊሹን ቆርቆሮ ሊያቀብላት ዞር ሲል ቀኝ እግሩ ባልዲውን መታው። ውሃው ግቢውን አጥለቀለቀው።

«ይሄን ባልዲ እዚህ ማን አስቀመጠው?» ብሎ ቱግ አለ።

«አንተው ነህ! አሁን! በገዛ እጅህ!»

«ደሞ ትመልሳለች!»

በግርግሩ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ስታጎነብስ ቀደማትና አሽቀንጥሮ ጣለው። መሬት የነካ ጨርቅ ቀዮን አይነካም፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከያዘ በሩን ሙሉ ይቧጭራል። ሌላ አሮጌ ካናቴራ ሄዳ መቅደድ ነበረባት። ስትቀድ የማን አንገት እየመሰላት እንደቀደደች ባንናገር ይሻላል።

ስትመለስ ፊት ለፊት የምትኖረው ልብስ ሰፊ መዶሻ ይዛ ግቢ ገብታለች። ባለፈው ሳምንት የብረት በሯን አንድ መኪና ገጭቶባት ሄዶ ነበር። ያቀናላት የፌንጣ አባት ነው። በዚያ መዶሻ ቀጥቅጦ ሲያቃናው ገጪውን ሲራገም ሰፈር ሁሉ ሰምቶታል። «ምን ዓይነት ዕውር ሹፌር ነው! በር የሚያህል ነገር እንዴት አይታየውም?» ሲል ነበር።

«መዶሻህን እንኳ ሳልመልስልህ!» አለች ሴትዮዋ በቀኝ በኩል ተጠግታ መዶሻውን እየዘረጋችለት።

አባቷ ፊት ለፊቱ ቀዮን እያየ ቆመ። መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

«ኧረ ተቀበለኝ ወንድሜ፣ እጄ ዛለ! ተኳርፈናል እንዴ?»

ደንገጥ ብሎ ጭንቅላቱን ሙሉ አዞረና መዶሻውን ተቀብሎ ሳቀ። «ይቅርታ እህቴ። ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው» አለ። ከዚያ በእጁ ጀርባ ቀኝ ዐይኑን አሸት አሸት አደረገ። «የመንገድ አቧራ ደግሞ አልለቅ ብሎኛል።»

ሴትዮዋ ፌንጣን አየቻት። «ይቺ ልጅ ዛሬ ጨዋታ የላትም እንዴ? ልቀቃት እንጂ! ለመኪና ሙሽራ አጃቢ አደረግሃት?»

«ጭረቱን ታጥፋና ትሂድ።»

«ያላረግኩትን!» አለች ፌንጣ። ማልቀስ አልፈለገችም። እንባዋ ግን አላማከራትም።

ሴትዮዋ በአባቷ አዝና ራሷን እየነቀነቀች ወጣች። ወዲያው በግቢው በር ሎንጋ አንገቷን አስገባች። የቡድኑ አምበልና የፌንጣ የልብ ጓደኛ ናት፤ ሎንጋ የተባለችው ለቁመቷ ነው። ከላብ የተነሳ ማልያዋ ገላዋ ላይ ተለጥፏል።

«የመጀመሪያውን ዙር ተበላን! አቦ ፌንጣ፣ ያለ አንቺ መረቡ ጋ የሚዘል ሰው የለም። አሰልጣኟ አሁንም ከመጣች አስገባታለሁ ብላለች። ጋሼ፣ እባክዎ!»

አባቷ በርጩማውን ስቦ ጥላው ውስጥ ተቀመጠ። «እኔ ምን አልኩ? ያቺ ጭረት ብቻ ናት የቀረችው። ታጥፋትና ትብረር።»

ፌንጣ ሮጣ በቀኝ በኩል ጎማው ሥር ተንበረከከች። ፖሊሹን ቀባች፣ ማሸት ጀመረች። ባላጠፋችው ጥፋት ተቀጥታ፣ አሁን ደግሞ ለመለቀቅ ስትል ጥፋቱን በእጇ እያጠፋች! ደሟ ፈላ። ጨርቁ ላይ እንደተለመደው ቀይ ወጣ። ጠቅለል አድርጋ በንጹሁ በኩል አሸች።

አረንጓዴ ወጣ።

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ጭረቱ ተጠጋች። ጭቃው ከለቀቀ በኋላ ጥቁር የመሰላት ነገር ጥቁር አልነበረም። ቀዩ ላይ የተጋገረ ወፍራም የሌላ ዕቃ ቀለም ነው። የብስክሌቷ እጀታ ጥቁር ላስቲክ ነው፤ አረንጓዴ የሚባል ነገር በዞረበት አልዞረም።

በክፍቱ የግቢ በር አሻግራ አየች። የልብስ ሰፊዋ በር አረንጓዴ ነው። የታጠፈበት ቦታም ከመሬት ልክ ይኼን ያህል ከፍ ይላል።

በሩ የተገጨበት ጠዋት ትዝ አላት። አባቷ ባዶ በርሜሎች ጭኖ ሲወጣ ጩኸቱ ከእንቅልፏ ቀስቅሷታል። ከግቢ ወጥቶ ወደ ግራ ሲታጠፍ የቀዮ ቀኝ ጥግ ወደ ሴትዮዋ በር ይጠጋል። በርሜሎቹ እንደዚያ እየተንኳኩ ምንም ሊሰማ አይችልም።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፣ መቼም አይደበቅም። ያዝኩህ! «እኔ?» ያልከው አንተው ነህ! ብድግ አለች። ያ «ዕውር ሹፌር» ያለውን ስድብ መልሳ ልትሰጠው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ዐይኗ ግን የተደፋው ባልዲ ላይ አረፈ።

ባልዲው በቀኙ ነበር። መዶሻውም በቀኙ ነበር። ትናንት እራት ላይ ውሃውን ከብርጭቆው ውጭ ያፈሰሰው በቀኙ ነው፤ የዚያን ጊዜም «ብርጭቆውን ማን አንቀሳቀሰው?» ብሎ ተቆጥቷት ነበር። ሰው ሲጠራው ዐይኑን ሳይሆን ጭንቅላቱን ሙሉ የሚያዞረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

መኪናዋን ያጠቡበትን ቢጫ ስፖንጅ አነሳች። በባዶ እግሯ፣ ኮቴዋን ሳታሰማ፣ በጓሮ በኩል ዞራ በቀኙ መጣች። እጇን ብትዘረጋ ትከሻውን ትነካዋለች። ስፖንጁን ከፊቱ ጎን ከፍ አድርጋ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችው።

አባቷ ወደ ቀዮ እያየ፣ ድምጹን ከፍ አድርጎ፣ «ጨረስሽ ወይ?» አለ።

አጠገቡ ላለችው ልጅ አልነበረም የተናገረው። ከመኪናዋ ሥር እንዳለች አድርጎ ነው።

ፌንጣ ስፖንጁን አወረደች። እንደመጣችው ተመልሳ ሄዳ ጎማው ሥር ቁጭ አለች። ሎንጋ ከበሩ ላይ ሁሉንም አይታ ነበር፤ ግን ጨዋታ መስሏት በአፏ ምልክት ሰጠች፦ «ምንድን ነው? ቶሎ በይ!»

ጭረቱ ትንሽ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ጠንከር አድርጋ ብታሸው ይጠፋል። ልብስ ሰፊዋ አታውቅም፣ ድርጅቱ አያውቅም፣ አባቷም ዕድሜ ልኩን «በብስክሌትሽ» እያለ ይኖራል፤ ይበል። ሰኞ ቀዮ አጊጣ ትቀርባለች። እሷም አሁን በርራ ሜዳ ትገባለች። ሁሉም ደስ ይለዋል።

ከዚያ ተራራው አለ። በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ድንጋይ፤ በቀኙ ጠርዝ ደግሞ ቦርሳቸውን ያዘሉ ተማሪዎች ተሰልፈው የሚሄዱበት መንገድ። አንድ ክረምት ይዟት ሄዶ አይታዋለች። ልጆቹ ቀዮ ስታልፍ እጃቸውን ያውለበልባሉ። እሱም ጥሩምባ ነፍቶ ይመልስላቸው ነበር።

ተናደደች። በእሱ ተናደደች፣ በዐይኑ ተናደደች፣ እውነቱ ከሰው ሁሉ መርጦ እሷ እጅ ላይ በመውጣቱ ተናደደች። ትንሽ ቀድሞ የተፈረደባት ግፍ ከዚህ በጣም ይቀል ነበር። ያኔ ቢያንስ የምትጮኽበት ሰው ነበራት።

ጨርቁን አጠፈችው፤ አረንጓዴው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ። ከጭረቱ የቀረውን አልነካችውም።

በሩ ጋ ሄዳ ለሎንጋ «ሂጂ፣ አልመጣም» አለቻት።

«ምን? ቀልደኛ! ፈቀዱልሽ እኮ!»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የቀረሁት። በናትሽ አትጠይቂኝ፣ ነገ እነግርሻለሁ። እጅሽን በደንብ ዘርግተሽ ዝለይ፣ ትደርሻለሽ።»

ሎንጋ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ትከሻዋን ነቅንቃ እየሮጠች ሄደች።

ፌንጣ በአጭሩ መንገድ አልመጣችም። በቀዮ ፊት ዞራ፣ ረጅሙን መንገድ ይዛ፣ በአባቷ ግራ በኩል መጣች። ገና ሳትደርስ አያትና ፈገግ አለ።

«እሰይ የኔ እናት! ጨረስሽ? በይ ሩጪ።»

«አልጨረስኩም።» መሬቱ ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ጨርቁን መዳፉ ውስጥ አስገባችለት። «እየው አባዬ። የቀዮ ቀለም አይደለም።»

እንደ ልማዱ መጀመሪያ በጣቶቹ ዳሰሰው። ከዚያ ጨርቁን ወደ ፊቱ አቅርቦ አየ። ጭንቅላቱን ሙሉ ወደ ቀኝ አዞረና በክፍቱ በር አሻግሮ የሴትዮዋን በር ተመለከተ፤ ራሱ ቀጥቅጦ ያቀናውን፣ ራሱ የተራገመለትን በር።

«በርሜሎቹ ሲንኳኩ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ብስክሌትሽ አልነበረማ።»

«አልነበረም።»

እጁ ወደ ቀኝ ዐይኑ ሄደ። ሳያሸው መልሶ ጉልበቱ ላይ አወረደው።

«አቧራ መስሎኝ ነበር» አለ። «የምሬን ነው ልጄ። አቧራ መስሎኝ ነበር።»

ከሩቅ፣ ከሜዳው በኩል የዳኛው ፊሽካ ተሰማ። ሁለተኛው ዙር መጀመሩ ነው። ፌንጣ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። የቀዮ ቁልፍ ከአባቷ ቀበቶ ላይ እንደሁልጊዜው ተንጠልጥሏል፤ እንዲሰጣት አልጠየቀችውም። ቀይና አረንጓዴ የተቀባ መዳፏን ዘርግታ ግራ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችና እሱ ራሱ ቁልፉን እስኪፈታ ጠበቀች።