ሰም እስኪበርድ

ሻማ ሠሪዋ በሥራ ክፍሏ ወለል ላይ በግንባሯ ተደፍታ ተገኘች። ማጅራቷን የመታት፣ የቀለጠ ሰም የሚፈስበት ከባድ የብረት ቅርጽ፣ ከጎኗ ወድቋል። ምድጃው ክፍሉን ስላጋለው ሐኪሙ የሞተችበትን ሰዓት በቁርጥ መናገር አልቻለም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ረድፍ ቡናማ ሻማ ቆሟል፤ አንዱ ቀለሙ ደመቅ ያለ፣ ሌላው ገርጣ ያለ።

ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» የሚሉት መርማሪ ሲደርስ የሟች ታናሽ እህት በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች። እጇ ላይ ካቴና ሊገባ ምንም አልቀረውም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ፤ ወድቃ አገኘኋት፤ ጮህኩ» አለች። «ሌላ የማውቀው የለም፣ ጌታዬ።»

የሰው በር መጠበቅ ሁለተኛ ሙያው የሆነው የፊት ለፊቱ ልብስ ሰፊ ግን ብዙ ያውቃል። «ስድስት ሰዓት ላይ ገብቼ ሟችን አናግሬያታለሁ። ያኔ አንድ ረድፍ ሻማ ብቻ ነበር። ባሏ ሰባት ሰዓት ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ የገባችው ይቺው እህቷ ብቻ ናት።»

ሻማውን ለሱቆች የሚያከፋፍለው ባል ተቀበለው። «እኔ ስወጣ ሁለተኛው ረድፍ ገና አልፈሰሰም ነበር። ስለዚህ በሕይወት ነበረች፤ ከእኔ በኋላ ነው የሠራችው። እንግዲህ ማን እንደገደላት አስቡት!» ብሎ የሚስቱን እህት በጎሪጥ አየ።

«ቀለሙ ለምን ገረጣ?» አለ አይቸኩሌ።

«ደክሟት ይሆናላ!»

አይቸኩሌ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ነጫጭ ወረቀቶች ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ ላይ አንድ የሰም ጠብታና ቀን አለ። የዕለቱ ቀን ያለበት ግን አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት ቀለም፣ አንድ ወረቀት። ነገሩ አላማረውም።

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበና ነጭ ሰም አቀለጠ። ቀለሙ ደመቅ ያለውን ሻማ ከድስቱ አጠገብ አቆመ።

«አንቺ ቀለም ጨምሪ። እናንተ ይህን ሲመስል በቃ በሉ።»

እህት ቀይ ጨመረች፤ ቢጫ ጨመረች፤ ሰማያዊ በጣት ጫፍ አከለች።

«በቃ! ልክ እሱን መሰለ» አለ ባል።

«እኔም በቃ ብያለሁ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ገና ነው» አለች እህት። «ድስቱ ውስጥ ሊጠቁር እስኪል ድረስ ነው የምንጨምረው፤ ሰም ሲበርድ ይገረጣል። እህቴ ሁልጊዜ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጋ ትጠብቃለች። ‹ትኩስ ሰም አትመኚ› ትለኝ ነበር።»

አይቸኩሌ ወረቀት ላይ ጠብ አደረገና ተቀመጠ። ጠብታው ረጋ፤ ገረጣ። ከሁለተኛው ረድፍ ጋር ሲያስተያየው አንድ ናቸው።

«ያንን ረድፍ ሟች አላፈሰሰችውም፤ ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው ያፈሰሰው» አለ። «ደግሞም ሳይበርድ ጥሎት ሄዷል፤ ቢቆይማ መገርጣቱን ያይ ነበር።»

ባል ብድግ አለ። «ልብስ ሰፊውም በቃ ብሏል እኮ!»

«ብሏል። ግን ከሰባት ሰዓት በኋላ ሟች በሕይወት ነበረች መባሉ ምን ይጠቅመዋል? እህቷ ብታደርገውማ ገመዱን በገዛ አንገቷ ማጥለቅ ነው። የሚጠቅመው ሰባት ሰዓት ላይ የወጣውን ሰው ብቻ ነው።»

ባል እህትየውን እንጂ መርማሪውን አላየም። «እህትሽ ሻንጣህን ይዘህ ውጣ አለችኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺን ልታስገባ! ከገዛ ቤቴ!» ለእህትየው የተዘጋጀው ካቴና በእሱ እጅ ገባ።

ሁሉም ሲወጡ እህት ወደ ድስቱ ተመለሰች። ሰሙ ሊጠቁር እስኪል ጨመረች፤ ወረቀት ላይ ጠብ አደረገች፤ እያለቀሰች ጠበቀች። ሲረጋ የእህቷ ቡናማ ሆነ። ቀኑን ጻፈችበትና በወረቀቶቹ መጨረሻ ሰቀለችው።