ሁለቱ ኮምፒውተሮች ያልተስማሙበት ዋሻ

ትርሲት እንደ ወትሮዋ ሄልሜቷን አጥብቃ ወደ ዋሻው ገባች። ተራራው ከሁለት ወገን ይቆፈራል፤ በከተማው በኩል አቅጣጫ የምትቀይሰው እሷ፣ በወንዙ በኩል ታላቅ ወንድሟ ምንይችል። ዛሬ መሀል ላይ ካልተገናኙ ሁለቱም ከሥራ ይባረራሉ። አለቃቸው ኢንጂነር ገረመው በሰው ፊት ምሎ ነግሯታል፤ ሰውዬው ደግሞ ሲምል ቀልድ አያውቅም።

ትርሲትን ግን አንድ ነገር አሳስቧታል። ልኬቱ አንድ፣ ፕሮግራሙም አንድ ሆኖ ሳለ የእሷ ኮምፒውተርና የወንድሟ አሮጌ ኮምፒውተር መልሳቸው አይገጥምም። ከነጥብ በኋላ ማለቂያ የሌለውን ቁጥር ማሽን ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ የእሷ ቶሎ፣ የእሱ ዘግየት ብሎ። ልዩነቱ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ የዛሬው ስሌት በትናንቱ ላይ ሲደመር ግን እያደር ይወፍራል።

ከመግባቷ በፊት ይህን ስትነግረው ኢንጂነር ገረመው ጮኸባት። «በማሽን አታላክኪ! መቀየስ ካቃተሽ ቤትሽ ግቢ!»

የዋሻው ውስጥ እርጥብ አፈርና የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ከፊት ካለው ድንጋይ ማዶ የወንድሟ ሰዎች መሰርሰሪያ ሲሰማ አብረዋት ያሉት ቆፋሪዎች «ደረሱ! ደረሱ!» እያሉ ጨፈሩ። እሰይ፣ አለች እሷም። ድምፁ ግን ፈቀቅ ማለት ጀመረ፤ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ግድግዳውን ታክኮ አጠገባቸው ድረስ፣ ቀጥሎም፣ ኧረ በስመአብ፣ ማንም ካልነካው ዓለት ውስጥ ከጀርባቸው። ቆፋሪዎቹ መሣሪያቸውን ጥለው ወጡ። ትርሲት ወንድሟን ትታ መውጣት አልሆነላትም።

ግድግዳውን በመዳፏ ብትነካው እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። መሰርሰሪያው ዝም ብሎ በምትኩ ጭብጨባና ሆታ መጣ፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ የሚሰማው ዓይነት። ሁለቱን ወገን ወደሚያገናኘው የግድግዳ ስልክ ሮጠች።

«ምንይችል! በእናትህ ቁፋሮውን አስቁም! ተላልፈናል!»

«ምን ተላለፍን? ከተገናኘን ቆየን እኮ!» ሳቀ ወንድሟ። «ማን ልበል?»

«ትርሲት ነኝ!»

ሳቁ ተቋረጠ። «ሴትዮ፣ በእህቴ ስም አትቀልጂ። ትርሲት ይኸው አጠገቤ ቆማለች።»

ከእሱ ኋላ የትርሲት የራሷ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «ስልኩን ዝጋው ወንድምዓለም፤ እሷ ያለችበትን ቀዳዳ በሲሚንቶ ይድፈኑት» አለ።