ዓይን ፈልፋዩ

«ያ ዓይን ፈልፋይ በደጄ እንዳያልፍ!»

መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች የሸኙት በዚህ ቃል ነበር።

ዓይን ፈልፋይ ያሉት ሽማግሌ የላከውን የሰቆጣውን የሳይንስ መምህር ምትኩን ነው። ከሥጋ ቤት የታረዱ ፍየሎችን ዓይን እየለመነ፣ ከፍቶ ለተማሪዎቹ ያሳይ ነበር። ልጃቸው ወለተ ሚካኤል ቁስል የምታጥብ፣ መርፌ የምትወጋ የክሊኒኩ ድሬሰር ነች። በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. መስከረም ላይ እዚያው ሥጋ ቤት ተገናኙ።

«ዓይን ደግሞ ምን ያደርግልሃል?» አለችው በንቀት።

ከዓይኑ ውስጥ በስተጀርባ ያለውን ስስ ሽፋን አሳያት። «እዚህ ያሉት ነርቮች ሁሉ ባንዴ ቢጮሁ ብርሃን እንጂ ሰው አናይም። አንዱ ሲናገር ጎረቤቱን ዝም የሚያሰኝ ንጥረ ነገር አለ። ፊትሽን ከግድግዳው ለይቼ የማየው በዚያ ነው።»

ቀና ስትል ፊቷን እያየ ነበር። እሷም ቶሎ አላቀረቀረችም።

ሽማግሌዎቹ ከተመለሱ በኋላ ወንድሟ ደጅይጥኑ መምህሩን መንገድ ላይ አስቆመው። «ሁለተኛ ከእህቴ ጋር ባይህ በጥይት ነው የማናግርህ!»

ብዙም ሳይቆይ ደጅይጥኑ ራሱ ወደቀ። በር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲነካው፣ ጀርባው እንደ ደጋን ይለጠጣል። ጎረቤቱ «ጋኔን ነው» ብሎ ተሸክሞት ወደ ጸበል ሊሮጥ ሲል፣ ወለተ ሚካኤል ምትኩን ጠርታ መጣች።

«አትንኩት! በሩን ዝጉ!» አለ ምትኩ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ጅብ የሚገደልበት መርዝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን በእንቁራሪት ዓይን ላይ አይተነዋል፤ ያን ዝም የሚያሰኘውን ንጥረ ነገር ያግደዋል። አሁን የመላ አካሉ ነርቮች የሚያበርዳቸው አጥተዋል። ብርሃንም ድምፅም ይገድለዋል።»

ከክሊኒኩ ማደንዘዣ አምጥታ ወጋችው። ሁለቱ በጨለማው ክፍል ግራና ቀኝ ተቀመጡ። አልተነጋገሩም፤ አልተነካኩም። ወደ ማታ የደጅይጥኑ የተቆለፈ መንጋጋ ተላቀቀ።

መሪጌታ ግን ደጃፍ ላይ ቆመው ጮሁ፦ «መርዙን እንዲህ አሳምሮ ያወቀው ራሱ ስላበላው ነው!»

ከተማው አመናቸው። የምትኩ ቤት በድንጋይ ተደበደበ። ሰቆጣን ልቀቅ ተባለ።

ወለተ ሚካኤል የወንድሟን ልብስ ስታጥብ የመርዙን ቋጠሮ ከኪሱ አገኘች።

«ለጅብ ብዬ ነበር የያዝሁት» አለ ደጅይጥኑ ፊቱን አዙሮ። «እጄን ሳልታጠብ በላሁ። ለአባባ እንዳትነግሪ።»

«ሰውየው ባንተ ኃጢአት ሊባረር ነው።»

«ይባረር!»

አባቷ እሷ ስትነግራቸው «ያ ዓይን ፈልፋይ አስነግሮሽ ነው» ብለው ምራቃቸውን ተፉ።

ምትኩ ወደ ወልድያ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ሲወጣ እሷም ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ደጅይጥኑ ጠመንጃውን አንግቦ ከመኪናው ፊት ቆመ። አባትየው ከኋላው ነበሩ፤ ገበያተኛው ከበበ።

«ውረጂ!»

«መርዙ የማን እንደሆነ ለአባባ ንገረው» አለች። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት። ያኔ እወርዳለሁ።»

ምትኩ ደንግጦ አያት። እሷ ዓይኗን ከወንድሟ አልነቀለችም።

ደጅይጥኑ ከኋላው የቆሙትን አባቱን ገልመጥ አድርጎ አየ። ቀስ ብሎ ከመንገዱ ዞር አለ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ወለተ ሚካኤል አልወረደችም።